የተጠገነው ጉርምርምታ

አቶ ሰቦቃ ቅዳሜ ማለዳ የልጃቸውን ዕቃ አሳምረው ጠገኑላትና ጉድ ሠሯት። ሀዊ ዐይኗን እያሸች ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ አባቷ ሳሎን ካለው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠዋል። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ሱቃቸው ከፈረሰ ወዲህ ከቁም ሳጥን ወጥቶ የማያውቀውን ሰማያዊ የሥራ ጋዋናቸውን ለብሰዋል፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። የመበየጃ ካውያው ሽታ ከሶፋው ጨርቅ እስከ መጋረጃው ዘልቆ ገብቷል። ከፊታቸው፣ በተነጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ ሀዊ ትናንት ጨርሳ አስቀምጣው የተኛችው ሳጥን አለ፤ አራቱም ብሎኖቹ ተመልሰው ጠብቀዋል፤ አቧራው ሳይቀር ተወልውሏል። «ኢንተሎ፣ ነይ ስሚው፤ ድኗል!» አሏት። ኢንተሎ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ እንደ ማለት ነው፤ አቶ ሰቦቃ ልጃቸውን በዚህ አጠራር የሚጠሯት ደስ ሲላቸው ብቻ ነው። ሀዊ ይህን ቃል ከሰማች ሁለት ዓመት አልፏታል። ምን እንደ ዳነ ግን አልገባትም፤ የታመመ ነገር አልነበረማ።

ሳጥኑ ፔዳል ነው። በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል ይገባል፣ ጊታር መቺው በእግሩ ይረግጠዋል፣ ሲረገጥ የጠራው የጊታር ድምፅ ጎርነን፣ ሻከር ይልና ጉንፋን ይዞት የከረመ ሰው ንግግር ይመስላል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ሀዊ ከሰኞ እስከ ዓርብ መገናኛ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የሰው ስልክ ስትጠግን ትውልና፣ ሲመሻት ቤቷ ገብታ ፔዳል ትሠራለች። ሳጥኑ ወሰን ሰፈር ካለ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ የተገዛ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያከፋፍሉበት የብረት ሳጥን ነው፤ በሁለት መቶ ሰማንያ ብር፣ ያውም ተለምኖ። ቀዳዳዎቹን የበሳላት ጎረቤት ያለው ጋራዥ ነው፤ ቀለም ቀቢውም ከታክሲ የተረፈ ሰማያዊ ረጭቶበት፣ ከላይ ነጭ መስመር ጨምሮበት፣ ‹በነፃ ነው› ብሎ ሰጣት። እናም ፔዳሉ ጎማ የሌለው ሚኒባስ መስሎ ቁጭ ብሏል። እስካሁን የሠራቻቸውን ዘጠኝ ፔዳሎች የወሰዱት ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚለማመዱ ልጆች ናቸው። ይህ ዐሥረኛው ግን የምንያህል ነው። ምንያህል የእውነት ጊታር መቺ ነው፤ ዛሬ ማታ ኮተቤ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከባንዱ ጋር መድረክ ይወጣል። ባለፈው እሑድ ሞክሮት ‹ይሄማ የእኔ ነው፤ ማንም እንዳይነካው› ብሏታል። ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደው ነው። የሀዊ ሥራ ሰው ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ታዲያ እንዴት ተነካ? ጣጣው የመጣው ከአንዲት ነጭ ፕላስተር ነው። አቶ ሰቦቃ አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ሠሪ ነበሩ። ሱቃቸው የገባ ዕቃ ሁሉ፣ ሬዲዮም ይሁን ቴፕ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍበትና በሽታው ይጻፍበታል፦ ‹ድምፅ የለውም›፣ ‹ፊውዝ ያቃጥላል›፣ ‹ካሴት ይበላል›፣ ‹ዲስቶርሽን›፣ ማለትም ድምፁ ተበላሽቶ ይሻክራል። ሲድን ፕላስተሩ ይነሳል። ሀዊ ፊደል የቆጠረችው ከእነዚህ ፕላስተሮች ላይ ነው ቢባል ውሸት የለበትም፤ ሀ ሁን ሳትጨርስ ‹ፊውዝ› ማንበብ ትችል ነበር። ትናንት ሥራዋን ጨርሳ ስም ልስጠው ስትል እጇ የለመደውን አደረገ፤ ከአባቷ መሳቢያ ነጭ ፕላስተር ቆርጣ፣ ሳጥኑ ላይ ለጥፋ፣ በትልቁ ‹ዲስቶርሽን› ብላ ጻፈችበት። የዕቃው ስም ነዋ! ጊታር መቺ ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። አርባ ዓመት ሬዲዮ የሠራ ሰው ፊት ‹ዲስቶርሽን› ብሎ ጽፎ ዕቃ ማስቀመጥ ግን፣ ሐኪም ቤት ገብቶ ‹ሆዴን!› ብሎ እንደ መጮህ ነው። አቶ ሰቦቃ ለጸሎት ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲነሱ አዩት። አነበቡት። ጸሎቱን አሳጠሩት።

ሀዊ ጊታሯን ሰክታ አንድ ጊዜ መታች፤ ድምፁ ጥርት ኩልል ብሎ ወጣ። ፔዳሉን ረገጠችው። ያው ኩልል ያለ ድምፅ ትንሽ ከፍ ብሎ መጣ። ደግማ ረገጠችው፤ ያው። ሦስት ሳምንት የደከመችበት ጉርምርምታ ድራሹ ጠፍቷል። አባቷ ደህናውን ጆሯቸውን አዘንብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። «አየሽ? ቅንጣት ታህል ጉርምርምታ የለበትም» አሉ። ሀዊ አፏን ከፈተች። መንገድ ሲሰፋ የእነ አቶ ሰቦቃ የሱቅ መደዳ ከፈረሰ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው በር ላይ ፕላስቲክ ወንበር አውጥተው መኪና ሲያልፍ እያዩ ይውላሉ፤ ከጠየቋቸው ይመልሳሉ፤ ካልጠየቋቸው የሉም። አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ‹እራት ቀርቧል› እና ‹መብራቱን አጥፊው› ሲባባሉ ነው የከረሙት። ልጅቱ ማታ ማታ ክፍሏ ዘግታ ምን እንደምትሠራ እሳቸው ጠይቀው አያውቁም፤ እሷም ነግራቸው አታውቅም። ዛሬ ተላጭተዋል። ዛሬ ‹ኢንተሎ› ብለዋል። ‹አበላሹት› ብትላቸው ቅስማቸው ይሰበራል፤ ያ ጋዋንም ተመልሶ ቁም ሳጥን ይገባና ዳግመኛ አይወጣም። ካላለች ደግሞ ምንያህል ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ሀዊ አፏን መልሳ ዘጋችው፤ ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» አለች።

ክፍሏ ገብታ ሳጥኑን ፈታችው። መቼም የአባቷ ብየዳ ከእሷ ይልቅ ያምራል፤ ይሄንን መካድ አይቻልም። ግን ሁለቱ ትንንሽ የብርጭቆ ዳዮዶች የሉም። ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጡም፤ የጊታሩን ድምፅ ጫፍ ጫፉን እየቆረጡ የሚያጎረንኑት ግን እነሱ ናቸው። እንደ እነሱ ያለ የሚገኘው ከድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሀዊም ሾላ ገበያ ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ነው ያወጣቻቸው። በእነሱ ቦታ አዳዲሶቹን በይዳ ሞከረች፤ ጉርምርምታው ቀርቶ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ሆነ። ነቀለቻቸው። ምንም እንዳልተፈጠረ መስላ ወደ ሳሎን ወጣች።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ዳዮዶች ነበሩ መሰለኝ?»

«ነበሩ እንጂ! ማን እንደ ሠራው እንጃ፣ ድምፁን ወደ መሬት የሚያፈስስ ቦታ ላይ ደንቅሯቸዋል። በሽታው እነሱ ናቸው። ዕቃውን የሠራው ሰው መሠረታዊ ትምህርት ይጎድለዋል።»

«ይጎድለዋል» አለች ሀዊ። «ታዲያ የት አደረጓቸው?»

አንዱ ሲወጣ እግሩ ተሰብሮ ተጥሏል። ሌላው ግን ወርቅ የሆነ ዳዮድ ስለ ነበር ለእማማ አስካለች ሬዲዮ ዋለ። እማማ አስካለች እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ፣ የአቶ ሰቦቃ የጥንት ደንበኛ ናቸው፤ ሬዲዮአቸው ሱቁ ሲፈርስ ከነበሽታው እዚህ ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ከርሟል። ዛሬ ማለዳ ስልክ ሲደወልላቸው በመጀመሪያው ታክሲ ከንፈው መጥተው፣ ልክ እንደ ሕፃን በነጠላቸው ጠቅልለው ወስደውታል። አቶ ሰቦቃ ይህን ሲናገሩ ፊታቸው በርቷል። ሀዊ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለች፤ ፔዳሉንና የራሷን አዲስ ትንሽ ሬዲዮ፣ ስልክ የሚገናኝበትን ዓይነት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። አዲሱን ሰጥቶ አሮጌውን መቀበል፣ ዳዮዱን ማውጣት፣ አባቷ ሳያዩ መበየድ። በአንዱ ዳዮድ ብቻ እንኳ ጉርምርምታው ይመጣል፤ በሐሳቧ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር።

በሦስት ታክሲ እንጦጦ ሥር ያለው ፈረንሳይ ሰፈር ደረሰች። ሳጥኑ ቦርሳው ውስጥ አልቀመጥ ብሎ ጫፉ ስላፈነገጠ የመጨረሻው ታክሲ ረዳት አየውና «እህት፣ የታክሲያችንን ልጅ የት ልትወስጂው ነው?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ፤ ሂሳብ ግን አልተወላትም። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። ዳገቱ ላይ ባሕር ዛፉ ፀሐይ እየመታው ሽታውን ለቋል፤ የቅጠል ሸክም ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው እየወረዱ፣ ቦርሳ ብቻ ይዛ የምታለከልከውን ሀዊን «በርቺ የኔ ልጅ፣ ደርሰሻል» ይሏታል። አልደረሰችም። አፍራ ፈጠን ስትል እንደገና ትንፋሿ ይቆማል። ሆዷ ደግሞ ሌላ ይላል፦ የአሮጊት ሬዲዮ ልትነጥቂ ነው የምትወጪው።

የእማማ አስካለች ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፤ ጋዜጣው ሁሉ የኳስ ነው። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ የክብር ቦታ ተሰጥቶት፣ የከሰዓቱን ጨዋታ አሰላለፍ እየተነተነ ነው። «ግቢ የሰቦቃ ልጅ! ቁጭ በይ፣ ዝም በይ፣ አጥቂው ይጫወት አይጫወት ሊናገር ነው» አሏት። አጥቂው እንደሚጫወት ተነገረ። እማማ አስካለች ተነሥተው የሬዲዮውን አናት ሳሙት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ውጤት ስሰማ የኖርኩት ከጎረምሳ አፍ ነው፤ ጎረምሳ ደግሞ ቡድኑ ሲሸነፍ ይዋሻል» አሉ። ሀዊ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን አዲሱን ሬዲዮ ነካ አድርጋ እጇን መለሰችው። እንዴት ብላ ታውጣው? ሴትዮዋ ግን ወሬያቸውን ቀጥለዋል። «ዛሬማ ሰቦቃን አላወቅሁትም ልጄ። በር ላይ ቆሞ ‹ልጄ ሥራ ሰጠችኝ› አለኝ እኮ! ‹ዕቃውን ከነፕላስተሩ ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ተኛች፤ በአፏ መለመን አፍራ ነው› አለኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ‹አባዬ ይህን እዩልኝ› ትለኛለች ብሎ ሲጠብቅ ከርሟል። አንቺ የሰው ስልክ ስትጠግኚ ውለሽ ስትገቢ፣ ‹እኔ ጊዜዬ አለፈ ብላ ነው የማትጠይቀኝ› ይል ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሀዊ የራሷን ቤት ነገር እንጦጦ ወጥታ ሰማች። እሷ እኮ አባቷን አንድም ነገር ያልጠየቀችው እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ዐይናቸው ስለደከመ፣ ይረፉ ብላ ነው! እንባዋ መጣ፤ እንባው ሲመጣ ነገሩም አብሮ መጣና ፕላስተሩንም፣ ዳዮዱንም፣ ምንያህልንም አንድ ባንድ ዘረገፈችው። እማማ አስካለች እስኪያልባቸው ሳቁ። «ድምፅ እንዲበላሽ የሚሠራ ዕቃ! ሰቦቃ ደግሞ አዳነው!» ከዚያ ተነሥተው ሬዲዮውን አጠፉና ፊቷ አስቀመጡላት። «ልውሰደው ካልሽ ይኸው፤ አልከለክልሽም። ግን ልጠይቅሽ፤ እውነት የሚደበቀው ከሕፃንና ከሞኝ ነው። አባትሽ ከሁለቱ የትኛው ነው?» ሀዊ ሬዲዮውን አንሥታ መስኮቱ ላይ መለሰችው፤ ራሷ ከፈተችው፤ አዲሱንም ትንሽ ሬዲዮ በግድ ትታላቸው ዳገቱን እየሮጠች ወረደች።

ቤት ስትገባ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አቶ ሰቦቃ አሁንም ጋዋናቸውን እንደ ለበሱ ናቸው፤ የሚሠራ ነገር አጥተው የግድግዳውን ሰዓትና የሀዊን ፀጉር ማድረቂያ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ በትነዋል። ሀዊ ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊታቸው ቆመች። «አባዬ፣ ሳጥኑ አልታመመም ነበር» አለች።

«እንዴት አልታመመም? ዲስቶርሽን ይላል እኮ።»

«ስሙ ነው። ሥራው ድምፅ ማጎርነን ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ። ገበያ ያልኩትም ዳዮዱን ፍለጋ እማማ አስካለች ጋ፣ እንጦጦ ወጥቼ ነው።»

አቶ ሰቦቃ መነጽራቸውን አወለቁ። ከጋራዡ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው መዶሻ ይሰማል፤ ሀዊ አሥራ አንድ ምት ቆጠረች። «ሆን ብለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ሆን ብዬ።» «ያንን ድምፅ የሚፈልገው ሰው አለ?» «ለምኖ ነው የሚወስደው።» እጃቸው ወደ ጋዋናቸው ቁልፍ ሄደ። በቃ፣ ሊያወልቁት ነው አለች ሀዊ በልቧ። እጃቸው ግን ቁልፉን አልፎ ደረት ኪሱ ገባና ቀጭኗን ካቻቢቴ ይዞ ወጣ፤ ለካ ሲፈልጉ የቆዩት ብሎን መፍቻቸውን ነው። «አንቺ ልጅ ግን ጤነኛ ነሽ?» አሉ። «የተበላሸ ድምፅ ፍለጋ እንጦጦ ድረስ ትወጫለሽ? አርባ ዓመት ያንን ድምፅ ከየሰዉ ቤት ሳባርር የኖርኩት እኔ! በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚደበቅ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ነይ ሳጥኑን አምጪ!» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትምህርት ይጎድለዋል ያልኩትን ግን…» ሲሉ፣ ሀዊ «ተቀብያለሁ» ብላ አቋረጠቻቸው። ሁለቱም ሳቁ።

ከአልጋ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ወጣ። ውስጡ አንድ ጎናቸው የሞተ የድሮ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ ሦስት እግር አላቸው፣ ከሦስቱ ግን የሚሠራው ሁለቱ ብቻ ነው። ለምን እንዳልጣሏቸው ራሳቸውም አያውቁም። «ትራንዚስተርነቱ ነው እንጂ የሞተ፣ በደህናው ጎኑ ዳዮድ ከመሆን ማን ይከለክለዋል?» አሉ። ሀዊ ይህን ሰምታ አፏን ያዘች። ሠላሳ ያህሉን በቴስተር ለኩ፤ አራት ደህና ጎን ያላቸው ተገኙ፤ ከአራቱ ሁለቱን፣ ያውም የማይመሳሰሉትን ሁለቱን፣ አቶ ሰቦቃ መረጡ። እሳቸው በካቻቢቴዋ እያመለከቱ፣ እሷ እየበየደች፣ ተጨቃጨቁ፤ ‹ካውያውን አታቆዪው› ‹አላቆየሁትም› ‹አቆይተሽዋል›። መጀመሪያ ሲሞከር ያው ጥርት አለ። ሁለተኛ ሲሞከር ጭራሽ ድምፅ ጠፋ፤ ሀዊ ሽቦ ገልብጣ ኖሯል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጉርምርምታው መጣ፤ ግን ደረቅ ነው። አቶ ሰቦቃ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ሬዲዮ ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንዴት ነው የሚያወራው? ጉሮሮው ይለሰልሳል አይደል? ያለቀ መስሎት እንዲሠራ ኃይሉን ቀንሺበት» አሉ። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስንት ገጽ የሚጨቃጨቁበትን ነገር እሳቸው በአንድ አፍታ ተናግረው አፍንጫቸውን አበሱ። ሀዊ የተባለውን አድርጋ ፔዳሉን ረገጠችው። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ጉርምርምታ ከማጉያው ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። በዚህ ጊዜ አቶ ሰቦቃ ብድግ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት። ልማድ ክፉ ነው! ምን እንዳደረጉ ሲገባቸው ሶኬቱን እንደ ያዙ ቆመው፣ ልጃቸው ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ስትስቅ አዩዋት።

ምንያህል ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ልክ በዐሥር ሰዓት መጣ። አቶ ሰቦቃን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ጊዜ የለኝም ብሎ ወዲያው ሰካ። አንድ ጊዜ መታና ቆመ። ፊቱ ተኮሳተረ። «ይሄ የእሑዱ አይደለም» አለ።

«አይደለም» አለች ሀዊ። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ አትዋሽም። «የእሑዱ ጠፍቷል። ይሄ ዛሬ ከአባቴ ጋር የሠራነው ነው።»

ምንያህል ወፍራሙን ክር መታ፤ ለቀቀው፤ እስኪያልቅ ሰማው። እንደገና መታ፤ በዚህኛው ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ አንድ የትዝታ ዜማ ጀመረና ጊዜ የለኝም ያለው ልጅ አላቆም አለ፤ ከጋራዡ የሚመጣው መዶሻ ዝም አለ፤ ቀለም ቀቢው ከነጭንብሉ በር ላይ ቆመ። አቶ ሰቦቃ እጆቻቸውን ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ሶኬቱን እንዳይነቅሉ ይመስላል፣ የልጁን ጣቶች ያያሉ። ምንያህል ሲጨርስ ቀና ብሎ «የእሑዱ ይቆጣ ነበር፤ ይሄ ያወራል» አለ። ወደ ሽማግሌውም ዞሮ «ጋሽ ሰቦቃ፣ እንዴት አድርገው ነው እንዲህ ያበላሹት?» ሲል ጠየቀ።

አቶ ሰቦቃ መጀመሪያ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የፀጉር ማድረቂያውንና የሰዓቱን የተበተነ አካል በክንዳቸው ጠርገው ቦታ አስለቀቁ፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«እስቲ ቁጭ በል ልጄ» አሉት፤ «ሌላ ደህና ሆኖ ያስቸገረህ ዕቃ አለ?»